የኬረማ ቀኝ ትከሻ

በመንደራችን በሆስኬሬ፣ በኩሬው ዳር ባለው መቅደስ፣ የምንሰግድላት እናታችን ኬረማ በድንጋይ ምስሏ ቀኝ ትከሻ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለቻት። ካህኑ የመብራቱን ሳህን ወደዚያ ሲያዞር ነጥቧ ታበራለች። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣው ሕዝብ የሚመጣው እሷን ለማየት ነው። «አበባው አምስት ሰዓት ሙሉ አልወድቅም ባለበት ዕለት ራሷ የወጣች ናት» ይባላል። አንድ ጋዜጠኛም መጥቶ ጽፎታል፤ «በዕለቱ የነበሩትን ሁሉ ጠይቄያለሁ» ብሎ። እኔን አልጠየቀኝም። ያን ቀን አበባው የተጠየቀው ስለ እኔ ነበር፤ ግን እኔን ማን ብሎ። አራተኛ ክፍል ያቆመ አሬካ ፈልፋይ ምን ያውቃል?

ይሁን። እኔው እጽፈዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በአሥር ዓመቱ ፍሬው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘከውን ረጅሙን የአሬካ ዛፍ ይወጣል። እግሮቹን በገመድ ቀለበት አጣምሮ እንደ ጦጣ ይስፈነጠርና ጫፍ ላይ ሲደርስ ዛፉን አወዛውዞ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ዘለላውን እየቆረጠ ሲያወርድ እስከ ቀትር እግሩ መሬት አይነካም። እኔን እናቴ አታስወጣኝም። ኩሬም አታስገባኝም። ምድጃ አጠገብ እንኳ ብቻዬን አታስቀምጠኝም። እኩዮቼ ሰማይ ላይ ሲፏልሉ እኔ በሄግዴ ግቢ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ሄግዴ የአሬካው እርሻ ባለቤት ነው፤ መንደሩ በሙሉ የሚሠራው ለእሱ ነው። ሴቶቹ ማጭድ የተተከለበትን ሳንቃ በእግራቸው ረግጠው ፍሬውን ሲፈለፍሉ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ልጣጩን እሰበስባለሁ።

«ቤሊየማ» ትላለች ናገካ የምትባለው ነገረኛ፣ «ይችን ልጅሽን መቼ ነው የምትድሪያት?»

«ደህና ባል ከተገኘ ነገ» ትላለች እናቴ።

ግቢው በሳቅ ይሞላል። የሌሎቹን ሳቅ ረስቼዋለሁ። የእናቴን አልረሳሁም።

አልፎ አልፎ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ መሐል፣ አንዳንዴም ጉርሻዬን ይዤ። ስነቃ አፌ ብረት ብረት ይለኛል፤ ምላሴን ያመኛል። የእናቴ የሳሪ ጫፍ በምራቅ ርሶ ጎኔ ወድቋል።

«ተኝተህ ነው» ትለኛለች። «ሙቀቱ ነው። ለማንም እንዳትናገር፣ ሰነፍ ይሉሃል።»

ሰነፍ መባልን እንደምፈራ ታውቃለች። አልተናገርኩም። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? እኔ ጥሬውን ይዤ አደግኩ።

በዚያ ዓመት ከተማ ካለው አዳሪ ትምህርት ቤት ለመንደራችን አንድ ቦታ ተሰጠ። መምህራችን ሸሽገሪ ፈተነን። አንደኛ እኔ ወጣሁ፤ ሁለተኛ የሄግዴ ልጅ ሱብራያ። መምህሩ ውጤቱን ሊናገር መቅደሱ ደጅ ያለው ዛፍ ሥር ሰው በተሰበሰበበት ቆመ።

«ጌታው፣ የቤሊየማ ልጅ ከመቶ ዘጠና አንድ አምጥቷል።»

«የእኔስ?» አለ ሄግዴ።

«አምሳ ስምንት።»

ሄግዴ ቅጠሉን አላምጦ ቀዩን ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «አንተ የምታየው ወረቀት ነው፣ መምህር። እናታችን ደግሞ ልብ ታያለች። አበባ ይጠየቅ።»

«ሂሳብም ታርማለች እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ሄግዴም ሳቀ፤ ግን ማን እንደሆነ ዞር ብሎ አየ።

አበባ መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ካህኑ ሁለት ነጫጭ አበቦች በውሃ አርሶ አንዱን በእናታችን ቀኝ ትከሻ፣ አንዱን በግራዋ ይለጥፋል። ጥያቄው ይነገራል። ውሃው ሲደርቅ አበባው ይረግፋል። ቀኙ ከቀደመ እሺ ማለቷ ነው፤ ግራው ከቀደመ እምቢ። አንዲት የዕጣን እንጨት ነድዳ ሳታልቅ ነገሩ ያልቃል። በሆስኬሬ አበባ ሳይጠይቅ ልጁን የሚድር፣ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም። ስለዚህ መምህሩም አንገቱን ደፋ፤ ቀኑም ለሳምንት ተቆረጠ።

በማግስቱ እናቴ ከተማ ወረደች፣ በእግሯ።

«ምን ልታደርጊ?»

«ትምህርት ቤቱን ላየው።»

የቆርቆሮ ሳጥን ልትገዛልኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አዳሪ ተማሪ ሁሉ ስሙ በነጭ ቀለም የተጻፈበት የቆርቆሮ ሳጥን አለው። እሷ እስክትመለስ ሁለት ቀን ሙሉ ስሜን ድንጋይ ላይ በከሰል እየጻፍኩ ስለማመድ ቆየሁ፤ ዱገ፣ ዱገ፣ ዱገ። መጣች። እግሯ ውሃ ቋጥሯል፤ ሳጥን የለም።

«ሳጥኔስ?»

«ምን ሳጥን?» አለችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እግሯን እያሸች፣ «ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት ከየት እንደሆነ አየሁ» አለች።

ስለ ውሃ ማን ጠየቃት!

አበባው የሚጠየቅ ዕለት ገና ሲነጋጋ እናቴ እንደ ወትሮዋ ለመቅደሱ የሚሆን አበባ ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። የእኛ ወገን ለካህን በእጁ አይሰጥም፤ በጓሮ በኩል ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል፣ ካህኑ ውሃ ረጭቶበት ያነሳል። ያን ቀን ከአበባው ሌላ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አስቀመጠች። እኔ ከግንቡ ጀርባ ነበርኩ።

«ቤሊየማ፣ ይህን አታድርጊብኝ» ይላል ካህኑ ጋንፓያ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ጌታዬ።»

«እሷ ፊት? በገዛ እጄ?»

«ካሪያን ረሱት?»

ካሪያ እኔ ሳልወለድ የሞተው አጎቴ ነው፤ በእኔ ትምህርት ምን አገባው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ጋንፓያ ውሃ እንኳ ሳይረጭ ጥቅልሏን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ ወገቡ ላይ ሸጎጣት።

እናቴ ስትመለስ ጣቶቿ እርስ በርስ እየተጣበቁባት በኮኮናት ዘይት ትፈትጋቸው ነበር። የጃክፍሩት፣ የዚያ ትልቅ ጣፋጭ ፍሬ፣ ሙጫ ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። ጋንፓያ ጃክፍሩት ሲያይ ምራቁ እንደሚሞላ ደግሞ አገር ያውቃል። እናቴ ጉቦ እንዳጎረሰችልኝ ገባኝ! ጮቤ ረገጥኩ። ያን ዕለት ጠዋት ከእኔ በላይ እናቱን የወደደ ልጅ በዓለም አልነበረም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋንፓያ አበቦቹን ለጠፈ። «የቤሊየማ ልጅ ዱገ ይሂድ ወይ፣ እናታችን?» ብሎ ጠየቀ። እኔን ፊት አቆሙኝ፤ እናቴ ከጎኔ፣ ሄግዴና ሱብራያ ከማዶ።

ዕጣኗ ነደደች፣ አለቀች። ሁለተኛ ተለኮሰች፣ አለቀች። ቀኙም ግራውም እንደተለጠፉ ናቸው።

«ምን ነካት?» ተባለ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እርሻ የወጣው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። አራት ሰዓት ላይ ከወዲያ ማዶ መንደር መጡ። ደጁ ሞልቶ ሰዉ ግንቡ ላይ ወጣ። ናገካ ሳትቀር ነገሯን ትታ እጇን አጣጥፋለች። በመቅደሱ ውስጥ የዘይቱ ጢስ፣ የላቡ፣ የበሰበሰው አበባ ሽታ ያፍናል። እኔ ዓይኔን ከቀኙ አበባ አላነሳም። ውደቅ እለዋለሁ። ውደቅ። ውደቅ። እናቴ እጄን ይዛኛለች፤ መዳፏ በላብ ርሷል። ለእኔ እየጸለየች ነው ብዬ ጨበጥ አደረግኳት። መልሳ ጨበጠችኝ። ጋንፓያ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ እናቴን አየ። ሁለቱንም ጊዜ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሆዴ አንዳች የሚሞቅ ነገር ተነስቶ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። መብራቶቹ ረዘሙ። «ወደቀ! ወደቀ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ኩሬ ውስጥ ጠልቄ እንደምሰማው። ከዚያ ወለሉ ላይ ነኝ፤ የእናቴ ሳሪ ፊቴን ሸፍኖታል። በሳሪው ሥር አንድ እጅ መጣ፤ የሰንደል ሽታ ያለው የካህን እጅ። መንጋጋዬን መታኝ።

እንደዚያ ነው የያዝኩት። ግራው ወደቀ፤ እኔ አለቀስኩ፤ ጋንፓያ «ዝም በል» ብሎ በሰው ፊት በጥፊ መታኝ። የእናቴን ጃክፍሩት በልቶ ለሄግዴ ሸጠኝ።

ሱብራያ በሬ በሚጎትተው ጋሪ ሄደ፤ ሳጥኑ ላይ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፏል፣ ደግሞም አጣሞታል። አሁን ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ለበዓል በመኪና ሲመጣ ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና፣ «ዱገ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነበርክ» ይለኛል። ነበርክ! እኔ ማጭዱ ላይ ቀረሁ። ያ በቀን የሚጥለኝ እንቅልፍ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተወኝ፤ ዛፍ መውጣት ግን ያኔ አልፎኝ ነበር። ለዐርባ አንድ ዓመት መቅደሱን አልረገጥኩም። ጋንፓያን መንገድ ላይ ሳገኘው ወደ ጎን እተፋለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። ለእናቴም፣ «ያ ሆዳም በልቶ ሸጠኝ» ባልኳት ቁጥር ብድግ ትልና ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች። እንስራው ሙሉ ሆኖ ሳለ።

እናቴ ባለፈው ዝናብ ሞተች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የጋንፓያ ምራት ደጄ መጣች።

«አባታችን ይጠሩሃል።»

«እኔ ከእሱ ጋር ጉዳይ የለኝም።»

«‹የሱ ጉዳይ አይደለም፣ የእናቱ ነው በይው› ብለውኛል።»

ሄድኩ። በደንብ ልናገረው ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ ስድቤን እያሰማመርኩ። በረንዳ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሰማንያ ስድስት ዓመት፣ ዓይኑ የጠፋ፣ አጥንት ብቻ።

«ዱገ ነህ? ቅረብ።»

«የእኛ ቦታ እዚህ ነው።»

«ዓይኔ ጠፍቷል፣ ዱገ። መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ አላየውም። ና ቅረብ።»

አልቀረብኩም። «በሰው ፊት በጥፊ የመቱኝ ሰው ነዎት» አልኩት። ዐርባ አንድ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣል ብዬ ነበር፤ የወጣው ይኸው ብቻ ሆነ።

«በጥፊ?» አለ። ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «ጥፊ ብለህ ነው የያዝከው? ይህን ሁሉ ዓመት?» ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። «ጣቴን ንካ። ሌባ ጣቴን።»

ነካሁት። ከሥሩ ላይ በሁለቱም ወገን የጎደጎደ ጠባሳ አለ፤ የትንሽ ልጅ የጥርስ ረድፍ።

«ያንተ ነው» አሉኝ። «ምላስህን እንዳትቆርጥ ያገኘሁት ጣቴን ነበር። ጨርቅ የት አባቴ ልፈልግ?»

ቁጭ አልኩ። ቁጭ ያልኩት ምንጣፋቸው ላይ መሆኑን በኋላ ነው ያየሁት።

«ተኝተህ አታውቅም፣ ዱገ። የሚጥል በሽታ ነበረብህ። ካሪያም ነበረበት። የእናትህን ወንድም መንፈስ አለበት ብለው ዛፍ ላይ አስረው በአለንጋ ገረፉት። ሦስት ቀን። መንፈሱ አልወጣም፤ ነፍሱ ወጣች። እናትህ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ውሃ ታቀብለው የነበረችው እሷ ናት። አንተ መጀመሪያ የወደቅህ ዕለት ወደ እኔ መጥታ ምን አለችኝ? ‹ሰው ካወቀ ልጄን ይገድሉታል።›»

ዛፉ፣ ኩሬው፣ ምድጃው። ናገካ ስትቀልድ አብራ መሳቋ። «ታዲያ ትምህርት ቤቱስ?» አልኩ።

«ሄዳ አየችው። ስድሳ ልጅ በአንድ አዳራሽ ይተኛል። ግቢው መሐል ጉድጓድ አለ፤ አፉ ክፍት ነው፣ ግንብ የለው። ልጆቹ በተራ እየቆሙበት ይቀዳሉ። ‹አንድ ቀን የዱገ ተራ ሲደርስ ይወድቃል፤ ባይወድቅም ያዩታል› አለች። ስለዚህ ወፍ የሚያጠምዱበትን የጃክፍሩት ሙጫ በአውራ ጣቷ ቅጠል ላይ ጠፍጥፋ አመጣችልኝ። ቀኙ እንዳይወድቅ።»

ጃክፍሩቱ ያ ነበር። ጉቦዬ።

«ለጠፉት?»

«ለጠፍኩት። እናታችንን በሙጫ ያታለልኩ ካህን ነኝ።» «ግን ስማኝ፤ የጠራሁህ ለዚህ አይደለም። ግራውን በአንዲት ጠብታ ውሃ ነው ያስነካሁት። ትንፋሽ የሚጥለው ነበር፤ ቶሎ ይውደቅና ይለቅልን ብዬ። አልወደቀም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። በእጄ ያደረግኩትን አውቃለሁ፤ ግራው ላይ ሙጫ የለም። ላቤ ይወርዳል፣ እሷ ታየኛለች። ‹ተናገር› የምትለኝ መሰለኝ። እናትህን አየኋት።»

«ራሷን ነቀነቀች።»

«አየህ? ታስታውሳለህ። በስድስት ሰዓት አንተ ወደቅክ። ጀርባህ ወለሉን ሲመታ አበባው ረገፈ። ባንድ ጊዜ፣ ዱገ። ያ ሁሉ ሰው ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጠብቅ የነበረው አበባውን ነው፤ ዓይን ሁሉ ወደ ላይ ሆነ። አንተን ያየ አንድ ሰው የለም። እናትህ ሳሪዋን ጣለችብህ፤ እኔ ሮጬ ደረስኩልህ። ‹ልጁ አለቀሰ› አልን። በቃ።» እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። «አበባው ወዲያው ወድቆ ቢሆን ሰው ተበትኖ፣ አንተ መንገድ ላይ በሰው መሐል ትወድቅ ነበር። በሙጫው የሠራሁትን አውቃለሁ። ያን አምስት ሰዓት ማን እንደሠራው አላውቅም። ዐርባ አንድ ዓመት አሰብኩበት።»

ምራታቸው ውሃ አመጣች፤ ማናችንም አልጠጣንም።

«ለምን አልነገሩኝም? በተፋሁብዎት ቁጥር?»

«አስምላኛለች። ‹በሕይወት እያለሁ አይንገሩት፤ እኔን ከሚጠላ እርስዎን ይጥላ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ካህን ቢጠላ ምን ይሆናል? እናት ነች እንጂ ስትጠላ የምትሞተው።» ከዚያ የልጅ ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። «ሙጫው ግን ትከሻዋ ላይ ቀርቶ ፈጀኝ። በዘይት ብለው፣ በአመድ ብለው አልለቅ አለ። ሰው መጥቶ አየና ‹ምልክት ወጣባት!› አለ። ምን ልበል? ያ ሁሉ ከፍ ያለ ወገን ነኝ ባይ፣ የእናንተን ጥላ እንኳ የሚጸየፈው ሁሉ፣ ተሰልፎ የሚሰግደው ለእናትህ የአውራ ጣት አሻራ ነው።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠብኝ፤ እሳቸውም ዓይነ ስውር በመሆናቸው እንዳላዩ ሆኑ።

በማግስቱ ጠዋት ከአውቶቡስ ከወረደው ሰው ጋር ተሰልፌ ገባሁ። ከዐርባ አንድ ዓመት በኋላ ያው የዘይት ጢስ፣ ያው የአበባ ሽታ። አሁን ካህኑ የጋንፓያ ልጅ ነው። የመብራቱን ሳህን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዞረ፤ ነጥቧ አበራች። ትንሽ ናት። እናቴ አጭር ሴት ነበረች፤ ጣቶቿም አጫጭር ነበሩ።

ከጎኔ ልጅ ያቀፈች ሴት ቆማለች። «ጋሼ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እውነት ነው ራሷ ናት የወጣች የሚሉት?»

ምላሴ ላይ መጣ። ልነግራት፣ ለጋዜጠኛውም ልነግረው፣ ለሄግዴ ልጅም፣ በሰልፉ ላሉት ሁሉ የቤሊየማ ጣት ነው ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ ያች የረሰረሰች መዳፍ ትዝ አለችኝ፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ሳትናገር የጨበጠችኝ።

«ራሷ ናት የወጣች፣ እህቴ» አልኳት። «ያን ዕለት እዚሁ ነበርኩ።»

ጎንበስ ብዬ ግንባሬን ወለሉ ላይ አኖርኩ። ለየትኛዋ እናት እንደሰገድኩ የጠየቀኝ የለም።